ስለ ደሴቶች የዕፀዋት ስፍራና ስለ አበባ ንግዳችን

ነጋዴ ስለ አበባና ስለ ዛፍ ሲናገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። አበባ የሰርግና የበዓል፣ ዛፍም የጥላና የማገዶ ነገር ተደርጎ ስለሚቈጠር፣ ዕፀዋት ከየአገሩ ተሰብስበው የሚተከሉበትና የሚጠኑበት ስፍራ በተነሣ ጊዜ የአብዛኛው ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ እሑድ ሽርሽርና ወደ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ የንግድ ምክር ቤትን ጋዜጣ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ቅርንፉድ፣ ገውዝና ቫኒላ፣ እንዲሁም የመኪናችንን ጎማ አመጣጡን ወደ ኋላ ተከትሎ ለሚመረምር ሰው፣ መንገዱ ከወደብና ከባንክ አልፎ በመጨረሻ የሚያደርሰው በባሕር በተከበቡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ወደ ተቋቋሙ የአትክልት ስፍራዎች ነው።

አሳባችንን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ከዕፀዋት የሚገኘው ዋነኛ ትርፍ ተክሉ ለበቀለበት አገር ሳይሆን ተክሉን አጥንቶ፣ አዳቅሎና አባዝቶ ለያዘው እጅ መግባቱ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ደጋግሞ ታይቷል። የኢትዮጵያ ነጋዴም፣ በተለይም አበባ ወደ ውጭ አገር የሚልከው፣ ይህን ነገር የሊቃውንት ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ስለ ምን በደሴት ላይ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ምክንያቱ መርከብ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ ሕንድ የሚጓዝ መርከብ በባሕር ላይ ብዙ ወራት ይፈጅ ስለ ነበር፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያጡት መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ በስከርቪ በሽታ ያልቁ ነበር። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለች ደሴት ሁሉ ውሃ የሚቀዳባት፣ ጎመንና ሎሚ የሚጫንባት ማረፊያ ሆነች፤ ከእነዚህ ስፍራዎች አንዳንዶቹ ሲጀመሩ ከጓሮ የተለዩ አልነበሩም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጥቅም ታየ። ከእስያ የተጫነ ችግኝ በጨው ነፋስና በንጹሕ ውሃ እጥረት ምክንያት አውሮፓ ሳይደርስ ይደርቃል፤ በደሴት ላይ አርፎ፣ ሥር ሰድዶና አፍርቶ ልጁ ጉዞውን ቢቀጥል ግን የመድረስ ተስፋ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ዋርድ ችግኝ በተዘጋ የብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ እንደሚቈይ ደርሶበት በ1833 በረዥም የባሕር ጉዞ እስካስፈተነው ድረስ፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። ሦስተኛም ነገር አለ፤ ይኸውም ደሴት የባሕር አጥር ያለው ግቢ በመሆኑ፣ ምን እንደ ገባና ምን እንደ ወጣ ለመቈጣጠር ለሹም ይቀለዋል።

ለዚህ ሁሉ መልካም ምሳሌ የምትሆነው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ሞሪሺየስ ናት። ሆላንዶች ትተዋት ከሄዱ በኋላ ፈረንሳዮች በ1715 ያዟትና ኢል ደ ፍራንስ ብለው ሰየሟት። በ1735 አገረ ገዥ ሆኖ የመጣው ማሄ ደ ላ ቡርዶኔ ፓምፕልሙስ በተባለው ቀበሌ ርስት ገዝቶ፣ ለቤቱና ለመርከቦች ቀለብ የሚሆን አትክልት ማስተከል ጀመረ። ይህን ጓሮ የንግድ መሣሪያ ያደረገው ግን ከ1767 እስከ 1772 የደሴቲቱ የአስተዳደርና የገንዘብ ሹም የነበረው ፒየር ፑዋቭር ነው። ፑዋቭር በፈረንሳይኛ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የእኛ አባባል በፈረንጅም አገር ሳይሠራ አልቀረም።

ፑዋቭር በወጣትነቱ ከወንጌል ሰባኪዎች ጋር ወደ ቻይና ሄዶ የነበረ ሰው ነው። በ1745 ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረበትን መርከብ እንግሊዞች ወግተው አንድ እጁን በመድፍ አጣ፤ ተማርኮም ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ ተጣለ። የእጁ መቈረጥ ስብከቱን ቢያስቀርበትም፣ በባታቪያ በቈየበት ጊዜ ሆላንዶች የቅመም ንግዳቸውን እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁ ለማየት አበቃው። በዚያ ዘመን የዓለም ገበያ ገውዝና ቅርንፉድ የሚያገኘው ዛሬ በኢንዶኔዥያ ውስጥ ካሉት ከሞሉካ ደሴቶች ብቻ ነበር። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1621 የባንዳን ደሴቶች ሕዝብ አብዛኛውን ፈጅቶና አሰድዶ የገውዙን ንግድ በብቸኝነት ያዘ፤ ቅርንፉዱንም በአምቦንና በአካባቢዋ ብቻ እንዲተከል አዝዞ በሌሎቹ ደሴቶች ያለውን ዛፍ አስቈረጠ። ችግኝ በስውር የሚያወጣ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር። ፑዋቭር ሹመቱን ከያዘ በኋላ የላካቸው መርከቦች በ1770 ብዙ ሺሕ የገውዝ ፍሬና በመቶ የሚቈጠር ችግኝ፣ ጥቂት የቅርንፉድ ችግኝም ይዘው ወደ ሞሪሺየስ ተመለሱ፤ በ1772ም ሁለተኛ ጭነት ደረሰ። ይህን ሥራ ፈረንሳዮች ጀግንነት፣ ሆላንዶች ሌብነት ብለውታል። የባንዳን ሰዎች አስተያየት የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ችግኝ ማምጣትና ችግኝ ማጽደቅ አንድ አይደሉም፤ ከመጣው ብዙው ደረቀ። ሥራውን ከዳር ያደረሰው ከ1775 ጀምሮ በ1810 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ስፍራውን ያስተዳደረው ዣን ኒኮላ ሴሬ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ግቢ! አፈሩን፣ ጥላውንና ውሃውን እየለዋወጠ በመሞከር ቅርንፉዱን አስያዘው፤ ከዚያም ችግኙ ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ ቡርቦን፣ ወደ ሲሸልስና በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ካየን ተላከ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ወደ ዛንዚባር ተሻገረ። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መናገሻቸውን ወደ ዛንዚባር ሲያዛውሩ ባለርስቱ ሁሉ ቅርንፉድ እንዲተክል አስገደዱ፤ ከአፍሪካ ምድር በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ጕልበት ተጨምሮበትም ዛንዚባርና ፔምባ በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ የዓለምን ቅርንፉድ አብዛኛውን የሚያቀርቡ ሆኑ። ሞሪሺየስ ራሷ በቅርንፉድ አልከበረችም፤ በየጊዜው የሚነሣው ማዕበል ዛፉን ስለሚሰብርባት ወደ ሸንኮራ አገዳ አዘነበለች። የፓምፕልሙሱ ስፍራ ግን ዛሬ በሰር ሲዎሳጉር ራምጉላም ስም ተሰይሞ፣ ትልልቅ ትሪ በሚያህሉት የውሃ አበባ ቅጠሎቹ ከየአገሩ የሚመጣውን ጐብኚ ይስባል። ለቅመም ተብሎ የተቋቋመው ዛሬ የሚኖረው በውበቱ ነው።

ያቺ ጎረቤት ደሴት፣ በዛሬ ስሟ ሬዩኒዮን፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርብ ታሪክ አላት። ፈረንሳዮች በ1715 ከየመን ከሞካ የቡና ችግኝ አምጥተው ተከሉባት። የየመኑ ቡና ከእኛ ደን የተሻገረ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ዛሬ በላቲን አሜሪካ በሰፊው የሚተከለው አንዱ የቡና ዓይነት ግን የሚጠራው በዚያች ደሴት ስም ቡርቦን እየተባለ ነው። የቫኒላው ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ቫኒላ የሜክሲኮ ተክል ሲሆን ወደ ሬዩኒዮን የገባው በ1820 ገደማ ነው፤ አበባውን የሚያስፀንሰው ነፍሳት በደሴቲቱ ስለሌለ ለሃያ ዓመት ያህል ሐረጉ ከማማር በቀር ጥቅም አልሰጠም። በ1841 ኤድሞን የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ የአበባውን ወንዴና ሴቴ ማገናኘት ቻለ። የማዳጋስካር ገበሬ እስከ ዛሬ ድረስ ቫኒላውን የሚያስፈራው በዚሁ ዘዴ ነው። ኤድሞን በ1848 ባርነት ሲቀር አልቢየስ የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጠው፤ በ1880 በድኽነት ሞተ። ስለ ዕፀዋት ንግድ ሕግ የሚያረቁ ሰዎች የዚህን ልጅ ስም ከጠረጴዛቸው ላይ ባያጡት መልካም ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። እንግሊዞች በካሪብ ባሕር በሴንት ቪንሰንት ደሴት በ1765 የዕፀዋት ስፍራ አቋቁመው፣ ካፒቴን ብላይ በ1793 ከታሂቲ የዳቦ ፍሬ ችግኝ አምጥቶ አራግፎበታል፤ የመጀመሪያ ሙከራው በ1789 መርከበኞቹ ዐምፀውበት መክሸፉ በሲኒማ ሳይቀር የታወቀ ነው። ዓላማው ለሸንኮራ ባለርስቶች የባሪያ ቀለብ ማርከስ ነበር፤ ባሮቹ ግን ፍሬውን መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። የስፔን ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ ደግሞ በ1788 በቴነሪፍ ደሴት ላይ አንድ ስፍራ እንዲቋቋም አዘዙ፤ የሐሩር አገር ዕፀዋት በዚያ ጥቂት ከተለማመዱ በኋላ ወደ ማድሪድ ቤተ መንግሥት እንዲሻገሩ ታስቦ ነበር። የማድሪድ ብርድ ግን የንጉሥ ትእዛዝ አልሰማም፤ ስፍራው በደሴቲቱ ላይ ለጌጥ ቀረ።

በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የሆነውን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ደሴቲቱ በ1860ዎቹ ከዓለም ታላላቅ ቡና አቅራቢዎች አንዷ ነበረች። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት በሽታ ታየ፤ ዛፎቹ ከጥቂት ችግኝ የተባዙ የአንድ ቤት ልጆች ስለ ነበሩ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ፤ በሃያ ዓመት ውስጥም የቡናው ሥራ ፈረሰ። ደሴቲቱ ፈጽማ ያልከሰረችው በ1821 በተቋቋመው በፔራዴኒያ የዕፀዋት ስፍራ ውስጥ የሻይ ተክል አስቀድሞ ተሞክሮ ስለ ነበር ነው። ባለርስቶቹ ቡናቸውን ነቅለው ሻይ ተከሉ፤ የሴሎን ሻይ የሚባለው ስም የተወለደው ከዚያ ክስረት ነው። በነጋዴ ቋንቋ ስንናገር፣ የዕፀዋቱ ስፍራ የኢንሹራንስ ፖሊሲ ነበር፤ አረቦኑ ደግሞ የአትክልተኞች ደመወዝ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነጋዴን ዓይን የሚስበው የሲንጋፖር ታሪክ ነው። ስታምፎርድ ራፍልስ በ1822 ገውዝና ቅርንፉድ የሚሞከርበት ስፍራ በመንግሥት ወጪ አቋቁሞ ነበር፤ ገንዘብ ስለ ታጣ በ1829 ተዘጋ። በ1859 የደሴቲቱ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ለጌጥና ለመናፈሻ የሚሆን ሌላ ስፍራ ታንግሊን በተባለው ቦታ አቋቋሙ። መሬቱን ያስገኘው ዋምፖአ በሚል ስም የታወቀው ቻይናዊ ነጋዴ ሁ አ ኬ ነው። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ መንግሥት የጀመረው ሲዘጋ፣ በማኅበርተኞች መዋጮና በአንድ ነጋዴ ብርታት የተጀመረው ጸንቶ ቈመ፤ መንግሥት የተረከበው የማኅበሩ ገንዘብ ሲያጥር በ1874 ነው።

ለጌጥ በተሠራው በዚህ ስፍራ ውስጥ በ1877 ሃያ ሁለት የጎማ ዛፍ ችግኞች ደረሱ። እነርሱም ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል አውጥቶ በለንደን አጠገብ ወዳለው ወደ ኪው የዕፀዋት ስፍራ ካደረሰው 70,000 ያህል ዘር ውስጥ ከበቀሉት ከሦስት ሺሕ ያነሱ ችግኞች መካከል ነበሩ። በ1888 የስፍራው ዲሬክተር የሆነው ሄንሪ ሪድሊ ዛፉን ሳይገድሉ ቅርፊቱን ጥቂት በጥቂት እየፋቁ ወተቱን የሚቀበሉበትን ዘዴ አገኘ። ባለርስቶቹ በዚያን ጊዜ ልባቸው በቡና ላይ ስለ ነበር አልሰሙትም፤ እርሱ ግን የጎማ ዘር በኪሱ ይዞ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ትከል እያለ ስለ ጨቀጨቀ እብዱ ሪድሊ የሚል ቅጽል ወጣለት። በመጨረሻ በ1896 ታን ቻይ ያን የተባለ የማላካ ቻይናዊ ሰምቶት በስፋት ተከለ። ከዚያ አውቶሞቢል መጣ። በ1920 ገደማ የዓለም ጎማ ግማሽ ያህሉ ከማላያ የሚወጣ ሆነ፤ የዛፉ አገር ብራዚል ግን ገበያውን አጣች፤ በጎማ ሀብት የኦፔራ ቤት የሠራችው የማናውስ ከተማም ደኸየች።

ጎማው የታወቀ ታሪክ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚመለከተው የኦርኪዱ ነው። በ1893 በሲንጋፖር የተወለደች አግነስ ጆአኪም የተባለች አርመናዊት ከጓሮዋ ውስጥ ከሁለት የተለያዩ የቫንዳ ኦርኪድ ዓይነቶች የተዳቀለ አዲስ አበባ ይዛ ወደ ሪድሊ መጣች፤ እርሱም መርምሮ በስሟ ሰየመው። (አርመኖች በአዲስ አበባ ንግድና ዕደ ጥበብ የነበራቸውን ድርሻ የሚያውቅ አንባቢ፣ በሲንጋፖርም ስማቸውን ቢያገኝ አይደነቅም።) ይህ አበባ በ1981 የሲንጋፖር ብሔራዊ አበባ ሆኗል። ነገሩ በአንድ ወይዘሮ ጓሮ ቢቀር ኖሮ ወግ ሆኖ ይቀር ነበር። ከ1925 እስከ 1949 ዲሬክተር የነበረው ኤሪክ ሆልተም ግን በ1928 ኦርኪድ የማዳቀልን ሥራ በዕቅድ ጀመረ። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ፣ በውስጡም ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ በአፈር ላይ ቢዘሩት በቀላሉ አይበቅልም፤ ሆልተም በ1922 በአሜሪካ የተገኘውን ዘዴ ተከትሎ፣ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ይዘራው ጀመር። አንድ ድቃይ ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል፤ ከሚያብበውም ለገበያ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ጃፓኖች በ1942 ደሴቲቱን በያዙ ጊዜ እንኳ ሆልተም በስፍራው እንዲሠራ ተፈቅዶለት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አበባ አምራቾች ድቃዮቹን ተቀብለው በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር ለመላክ በቁ። ዛሬ በኦርኪድ ገበያ ሲንጋፖርን የምትበልጠው ሰፊ መሬት ያላት ታይላንድ ናት፤ ሲንጋፖር ግን የምትሸጠው አበባውን ብቻ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አዲስ ድቃይ በጐብኚ መሪዎች ስም እየሰየመች ለወዳጅነትም ለማስታወቂያም አውላዋለች፤ ስፍራውም በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። መሬት የሌላት አገር በእውቀት አበባ ነጋዴ ስትሆን ማየት፣ መሬት ላለን ለእኛ ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ፤ እርሱን መደበቅ ደንበኛን ማታለል ይሆናል። ለጌጥ ተብሎ የመጣ ተክል አጥር ዘልሎ ሲወጣ የሚያደርሰው ጥፋት ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ በደሴት ላይ ይከፋል፤ ምክንያቱም የደሴት ዕፀዋት ለብዙ ዘመን ከባዕድ ጋር ተወዳድረው አያውቁም። ወደ ታሂቲ በ1937 ለአንድ የግል የዕፀዋት ስፍራ የመጣው ሚኮኒያ የተባለ ቅጠሉ ሰፊና የሚያምር ዛፍ ዛሬ ከደሴቲቱ ግማሽ የሚበልጠውን ወርሯል፤ ከጥላው በታች ሌላ ነገር ስለማይበቅል የተራራው አፈር ይናዳል። በሞሪሺየስም ከውጭ የገባ የዘይቱን ዓይነት የአገሩን ደን ውጦ፣ ከጥንቱ ደን በጥሩ ሁኔታ የቀረው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየአጥራችን ላይ የምናየው የወፍ ቆሎ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ዓለምን የዞረው ለአበባው ማማር ነው፤ ዛሬ በምሥራቅ አገራችን የግጦሽ መሬት ያጠፋል። እምቦጭም እንዲሁ የደቡብ አሜሪካ የውሃ አበባ ነው። ሐምራዊ አበባው ስላማረ ከአገር ወደ አገር በኩሬ ጌጥነት ተላለፈ፤ በአገራችን በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 በጣና ላይ ተገኘ። በጣና ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅና ባለታንኳ የዚያን አበባ ዋጋ እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው፤ ያመጡት ሰዎች ግን ሳንቲም አልከፈሉም።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። ኢትዮጵያ በባሕር አልተከበበችም፤ ደጋዋ ግን በቈላ የተከበበ ደሴት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጅብራን የመሳሰሉ በዚህ ከፍታ ካልሆነ የማይበቅሉ ዕፀዋት የበዙልን ስለዚህ ነው። የውጭ ሰዎችም ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቈንስል የእንሰት ዘር ወደ ኪው ልኮ ነበር፤ ዛሬ ቅጠሉ ቀይ የሆነው የእንሰት ዓይነት በእንግሊዝ አገር ግቢዎች ለጌጥ ብቻ ይተከላል፤ ቆጮ ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። ከአገራችን እስከ ማላዊ በዱር የሚበቅል፣ አበባው ነጭ፣ ልቡ ጥቁር ሐምራዊ፣ ሽታውም መልካም የሆነ ግላዲዮለስ አለ፤ የሆላንድ ነጋዴዎች ሥሩን የሐበሻ ግላዲዮለስ እያሉ በየጸደዩ ለአውሮፓ ባለጓሮዎች ይሸጡታል። ስማችን ከሳጥኑ ላይ አለ፤ እኛ ግን ከሒሳቡ ውስጥ የለንም።

የአበባ እርሻዎቻችን ከዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ያሳዩት እድገት ሊመሰገን ይገባዋል። ዝዋይ፣ ሆለታና ደብረ ዘይት በአውሮፓ ገበያ የታወቁ ሆነዋል፤ አገራችንም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትቈጠራለች። ለብዙ ሺሕ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የዕለት እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን በእነዚህ እርሻዎች የሚተከለው ጽጌረዳ በአብዛኛው በአውሮፓ አዳቃዮች የተገኘ ስለ ሆነ፣ አምራቹ ለተከለው ችግኝ የባለቤትነት ክፍያ ይከፍላል። መከፈሉ ተገቢ ነው፤ አዳቃዩ አንድ ዓይነት ለገበያ ለማብቃት ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ይደክማል። ቅሬታችን በእርሱ ላይ ሳይሆን በራሳችን ላይ ነው፤ መሬቱ፣ ፀሐዩ፣ ውሃውና ጕልበቱ የእኛ ሆኖ ስሙና ዘሩ የሌላ ሰው ሲሆን፣ እኛ ያለነው ከሴሬና ከሆልተም ወንበር ላይ ሳይሆን ከባለርስቶቹ ወንበር ላይ ነው። ፋሽን ሲለወጥ አዲሱን ዓይነት እንደገና ከመግዛት በቀር ሌላ ምርጫ የለንም።

ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ700 ሔክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አላት፤ ከከተማው አስተዳደርና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ነው፤ የአገራችንን ዕፀዋት ይሰበስባል፣ ያጠናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማዕከል የትኛው የአበባ ቀለም በየትኛው ወር እንደሚፈለግ፣ አንድ ግንድ ስንት ቀን በማቀዝቀዣ ውስጥ መቈየት እንዳለበት፣ ገዢው የግንዱን ርዝመት በስንት ሳንቲሜትር እንደሚመዝን ከየት ያውቃል? ይህን የሚያውቀው ላኪው ነው። ላኪውም ደግሞ ቀጋን ከአጥር እሾህነት አሳልፎ ያየው አይመስለንም። ቀጋ እኮ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የዱር ጽጌረዳ ነው! የአገራችንን ደጋ፣ ፀሐይና ነፋስ ለምዶ የኖረ ተክል በማዳቀያ ውስጥ ምን እንደሚያበረክት ሳይሞከር መቅረቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አበባ ላኪዎች በማኅበራቸው አማካይነት ከሚልኩት ከእያንዳንዱ ሳጥን እጅግ ጥቂት ገንዘብ እየለዩ፣ ከጉለሌው ማዕከል ጋር በውል የሚሠራ የሙከራ መሬትና አንድ የማዳቀያ ክፍል ያቋቁሙ። የሚገኘው አዲስ ዓይነት በ2017 በወጣው የአዳቃዮች መብት አዋጅ መሠረት በማኅበሩና በማዕከሉ ስም ይመዝገብ፤ ተክሉ የተወሰደበት አካባቢ ሕዝብም በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ የሚፈቅድለትን ድርሻ ያለ ክርክር ያግኝ። የኤድሞን ነገር እንዲደገም አንፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ ለግቢ ማስዋቢያ አዲስ ተክል የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ተክሉ በሌላ አገር አረም ሆኖ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ከማስመጫ ወረቀቱ ጋር እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ካልተረጋገጠም ችግኙ ለአንድ ዓመት በተከለለ ቦታ ይቈይ። ይህ ደንብ እኛን ነጋዴዎችን እንደሚያዘገየን እናውቃለን፤ ከጣና ላይ እምቦጭ በእጅ መንቀልም ያዘገያል።

ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ተክል ይበቃል፤ ቀጋ፣ ነጩ ግላዲዮለስና ቅጠሉ ቀይ የሆነው እንሰት። ግላዲዮለሱና እንሰቱ ሌሎች ቀድመው ገበያ ያስለመዱላቸው ስለ ሆኑ ቶሎ ይሸጣሉ፤ ከእነርሱ የሚገኘው ገቢ ቀጋው ለሚጠይቀው ለረዥሙ ድካም መቈያ ይሆናል። ለቀጋው ከዐሥር ዓመት በታች ውጤት የሚጠብቅ ሰው ባይገባበት ይሻላል።